ግድግዳ ላይ የተሰቀለው መክተፊያ

ኦዴት ለልጇ ሠርግ የምትሰጠውን መክተፊያ ለመምረጥ የፈጀችው ጊዜ ባሏን ለመምረጥ ከፈጀባት ይበልጣል። ይህን የሚለው ራሱ ባሏ ሬዣን ነው፤ እሷም አላስተባበለችም።

በሚኖሩባቸው የቦስ መንደሮች ሜፕል የሚባለው እንጨቱ ጠንካራ ዛፍ የሌለበት ግቢ አይገኝም፤ እሷ ግን ከየአናጢው ቤት ባዶ እጇን ተመለሰች። የአንዱ እንጨት ለስላሳ ነው፣ ጥፍር ያስገባል። የሌላው ጣውላዎቹ በሙጫ የተጋጠሙበት ክፍተት ትቷል። አንዱ ደግሞ በጣም ስስ ነው፣ በዓመቱ ይቆለመማል። በመጨረሻ ወፍራም፣ ከባድና ጥቅጥቅ ያለ አገኘች። ሐብሐብ የምትገዛ ይመስል አንኳኳችው፤ አሸተተችው፤ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣም እንዳይወዛወዝ ማዕዘኑን ተጫነችው።

በሠርጉ ዕለት ስጦታውን ከነመመሪያው አስረከበች።

«ውሃ ውስጥ እንዳትዘፈዝፉት። ዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ከከተታችሁት እኔን ቀበራችሁኝ ማለት ነው። ታጥቦ ወዲያው ይደርቃል፣ በጎኑ ይቆማል። በየወሩ ይህን ዘይት ትቀቡታላችሁ፣ ከላዩ ሰም። የምግብ ዘይት ግን እንዳታስቡት፣ ይከረፋል!»

ሙሽራው ልጇ ዮአን በሠርጉ ፎቶ ላይ የዘይት ጠርሙስ ይዞ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚያ በኋላ ስልክ በደወለች ቁጥር የመጀመሪያ ጥያቄዋ «መክተፊያው ዘይቱን ጠጣ?» ነበር።

«ልጅሽም ምሳ በልቶ እንደሆነ ጠይቂ እንጂ» ይላል ሬዣን ከወንበሩ ሆኖ።

በቀጣዩ መከር ኦዴትና ሬዣን ልጃቸውን ሊጠይቁ ሄዱ። ኦዴት ኩሽና እንደገባች ጥርስ የሚያንቀጫቅጭ ድምፅ ሰማች። ምራቷ ኖኤሚ በሊጥ ተሸፍኖ ለሚጋገረው የሥጋ ኬክ የሚሆነውን ሽንኩርት የምትከትፈው የመስታወት መክተፊያ ላይ ነው። የኦዴት መክተፊያ ከሠርጉ ፎቶ አጠገብ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ያብረቀርቃል።

«እሱን ለምን አትጠቀሚበትም?»

«እሱን?» ኖኤሚ ደነገጠች። «ኧረ ማን ደፍሮ! ዘይቱን ግን አንድም ወር አላጓደልንም። ዮአን አንዴ በአንድ ቀን ቢያሳልፍ እንቅልፍ አጥቶ ነው ያደረው።»

«አንዴም አልከተፋችሁበትም?»

«እርስዎ ቢጠይቁኝ ምን እመልሳለሁ ብዬ ነዋ!»

«መክተፊያ እኮ ነው! የሚከተፍበት! ታቦት አደረጋችሁት እንዴ?»

ሬዣንን ቢራው ትን አለው። «ኖኤሚ፣ አትስሚያት። የእኛው መክተፊያ ከተጋባን ጀምሮ በፎጣ ተጠቅልሎ ቁምሳጥን ውስጥ ተኝቷል።»

ኦዴት ፊቷ ቀላ። ከዚህ በኋላ ወደኋላ የለም። መክተፊያውን ከግድግዳው አወረደች፤ እንዳይንሸራተት ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ አነጠፈች፤ ሽንኩርቱን ገምሳ ቢላውን አሳረፈች። ድምፁ እንዴት ደስ ይላል! ደገመች። ሽንኩርቱን ገፋ ስታደርገው ግን ፀጉር የምታህል ጭረት ታየቻት። በአውራ ጣቷ አሸት አሸት አደረገቻት፤ አልጠፋችም።

«ብርጭቆ ወረቀት አላችሁ?» አለች በቀጭን ድምፅ። «ደቃቁን።»

ኖኤሚ ቀረብ ብላ ቢላውን ቀስ አድርጋ ከእጇ ወሰደች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለችና የቀረውን ሽንኩርት ጧ ጧ ጧ አድርጋ ፈጀችው። ከዚያ ካሮቱን። ከዚያ ሥጋውን። ኦዴት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ የጎረቤቱን ማገዶ ክምር ትመለከት ጀመር።

«መክተፊያው አልጮኸም እኮ» አላት ሬዣን በጆሮዋ።

ኬኩ ጥሩ ነበር፤ ኦዴትም ሁለቴ አስጨመረች። ኖኤሚ መክተፊያውን አጥባና አድርቃ በጎኑ ስታቆመው ግን ኦዴት ተነሥታ እንዳትነካው እጆቿን ከጭኖቿ ሥር አድርጋ ነው የታገሠችው። ዮአን ሚስማሩን ከግድግዳው ነቀለው።

ሲመለሱ መኪናው ወንዙን እንደተሻገረ ኦዴት ወደ ባሏ ዞረች።

«ሬዣን?»

«አቤት።»

«ቀይ ሥር ይከትፉበታል ብለህ ታስባለህ? ቀለሙ አይለቅም እኮ።»

ሬዣን መሪውን እንደያዘ በሚገባ አሰበበት።

«እሁድ እሁድ ብቻ» አላት።