በር ላይ የቆመው ልጅ

ፀጉር ሠሪዋ ይህን ታሪክ ያልነገረቻት ደንበኛ ካለች፣ መላጣ መሆን አለባት። ካስክ ስር የገባች ሴት እንኳ ጆሮዋ በሞቀ አየር ተደፈነ ተብላ አትማርም፤ ማሽኑ ጠፍቶ ከመጀመሪያው ይነገራታል። ነገሩ ይሄ ነው፦ ሁለተኛ ደረጃ ሳለች፣ የትምህርት ቤቱ ኳስ ቡድን አምበል፣ ያ ሁሉ ሴት የሚሞትለት ልጅ፣ በየቀኑ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። እሷ ደግሞ ያኔ «ድንቡሼ» የምትባል፣ ወንድ ቀርቶ መስታወት የማያያት ልጅ ነበረች። «እኔን ብሎ!» ትላለች፣ ማበጠሪያዋን ደረቷ ላይ ለጥፋ። ያ ልጅ ዛሬ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር፣ ባሏና የሁለት ልጆቿ አባት ነው። ቦርጭ አውጥቷል፤ ለእሷ ግን አሁንም አምበል ነው።

ታዲያ የክፍል ጓደኛቸው ሬዲዮ (አፉ ስለማይዘጋ ነው እንዲህ የተባለው) ስለ ትምህርት ቤት ዘመናቸው አስቂኝ የፍቅር ፊልም ሠራ ሲባል፣ በደስታ የምትሆነው ጠፋት። «የእናንተም አለበት፤ ባልሽ ነው ቁጭ ብሎ ያጫወተኝ» አላት። በቃ! ፀጉር ቤቱን በጊዜ ዘጋች፤ ደንበኞቿን ሰብስባ አንድ ረድፍ ሙሉ ይዛ ሲኒማ ገባች። ባሏን እንደ ሙሽራ መሃል አስቀመጠችው።

መጀመሪያ ላይ ጥሩ ነበር። ያ ዩኒፎርም፣ ያ ጩኸታም ደወል፣ ከኋላ ወንበር የሚወረወረው ጠመኔ። ሰው ሳቀ፣ እሷም ሳቀች። ከዚያ ልጁ በር ላይ ቆመ። «ይኸው! ይኸው!» ብላ አጠገቧ ያለችውን ደንበኛ በክርኗ ጎሰመቻት።

ልጁ የሚጠብቀው ግን ከድንቡሼ ጋር አንድ ዴስክ የምትቀመጠውን ቆንጆ ነበር። ቆንጆዋ ደብተሯን እስክትሰበስብ ትዘገያለች። ድንቡሼ እየተንደረደረች ቀድማ ትወጣና «እኔን እየጠበቅክ ነው?» ትለዋለች። ልጁ አፍሮ «አዎ» ይላል። ክንዱን ይዛ እየጎተተች ስትወስደው እሱ አንገቱን አዙሮ ወደ በሩ ያያል። በማግስቱም እንደዚያው። ሌላ ቀን ዛፍ ኋላ ቢደበቅ እዚያም አገኘችው። አዳራሹ ሙሉ አውካካ። ደንበኞቿ መጀመሪያ አፋቸውን ያዙ፤ ኋላ ግን አልቻሉም። ባሏማ ጉልበቱን እየመታ ከሁሉም በላይ ይስቅ ነበር።

«እኔን አልነበረም እንዴ?» አለችው በጆሮው።

«ቆይ እስቲ፣ ልይበት!»

ፊልም ነውና መጨረሻው ላይ ሁሉም ተስተካከለ። ልጁ ድንቡሼን ጥሎ ሮጠና ቆንጆዋን አቀፋት። ድንቡሼ የሁለቱንም ቦርሳ ይዛ ቆማ ቀረች። ሰው ተነስቶ አጨበጨበ። ፀጉር ሠሪዋ ወደ ባሏ ዞር ብትል፣ እናቱን ሲቀብር እንኳ ያላለቀሰው ሰውዬ እንባው በጉንጩ ይወርዳል። የተሰማት ቅናት ይሁን ውርደት አልለየችውም።

ውጭ ደንበኞቿ አቅፈው ተሰናበቷት። በሽተኛ የሚጠይቁ ይመስል ድምፃቸውን ቀንሰው ነበር። አንዷ «ፊልም እኮ ያጋንናል» አለቻት፤ ይሄ ከሳቁ ይብስ ነበር።

ባልና ሚስት ብቻቸውን ሲቀሩ ፀጉር ሠሪዋ መንገድ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች።

«ለምን አልነገርከኝም?»

ሾፌሩ ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ዋሽቶ ይገላግላት ነበር። ዓይኑ ገና እንደቀላ ነው።

«ምን ላድርግ፣ ቀድመሽ ወጣሽ» አላት። «ነገ እነግራታለሁ አልኩ፤ ነገም ቀደምሽኝ። ነገ፣ ነገ ስል ልጆቹ መጡ።»