የምድጃው እጀታ

አዛውንቱ ሁለት ፍልጦች አንስተው እርስ በርስ አጋጩ። ደረቅ እንጨት ሲጋጭ ይጮኻል፤ ይኼ ግን ድም ብሎ ቀረ። ሦስተኛውን ሊያነሡ ሲሉ ልጃቸው የሥራ ቦርሳውን እንዳንጠለጠለ ከመኝታ ቤት ብቅ አለ።

"አባዬ፣ ደግሞ ጀመርክ?"

"እርጥብ ነው።"

"እንጨት እንጨት ነው። በደረቁ እርጥቡም ይነዳል ሲባል አልሰማህም?"

"ሰምቻለሁ። ባለፈው ሳምንት ሊነድ የነበረው ግን ጣራህ ነው።"

ልጁ ፊቱን አጠቆረ። ባለፈው ሳምንት ጭስ ማውጫው ውስጥ የተጋገረው ጥቀርሻ ተቀጣጥሎ ቱቦው እስኪቀላ አጓርቶ ነበር። ጎረቤቶች በአሸዋ ባያፍኑት ኖሮ ቤቱ አመድ ሆኖ ነበር። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለመወሰን ልጁ ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም፤ ምድጃውን ሲነካካ የከረመው አባቱ ነው። በማግስቱ የመጣው ጭስ ማውጫ ጠራጊ ባልዲ ሙሉ ሬንጅ የመሰለ ቅርፊት አውጥቶ፣ "ይኼ የአንድ ቀን ሥራ አይደለም። እርጥብ እንጨት እየታፈነ ሲጨስበት የከረመ ነው" ሲል፣ ልጁ ስልክ እያወራ ነበር።

አዛውንቱ ሠላሳ አንድ ዓመት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቦይለር አንድደዋል። ሠራተኛው "ጋሽ እንፋሎት" ይላቸው ነበር። ግቢው በር ላይ ቆመው የጭሱን ቀለም አይተው እሳቱ ምን እንደጎደለው ይናገሩ ነበር። አሁን ከጉልበታቸው የማይበልጥ ምድጃ ተከልክለዋል።

ልጁ በርከክ ብሎ የአየር ማስገቢያውን እጀታ እስከ መጨረሻው ገፍቶ ዘጋው። ነበልባሉ ወደቀ፤ የምድጃውን መስታወት ቡናማ ጭስ ሸፈነው።

"እንዲህ ሲሆን እስከ ማታ ይቆያል" አለ።

"የሚቆየው ጭሱ ነው። ትንሽ ደረቅ ጨምርና አየሩን ክፈትለት፤ ቦግ ብሎ ይንደድ። አሁን እኮ እንጨትህን በቱቦ ወደ ሰማይ እየላክኸው ነው።"

"ቦይለርህ ከተሸጠ ስንት ዓመቱ! አንተ ግን አሁንም ፈረቃ ላይ ነህ።" በሩ ጋ ደርሶ ዞረ። "አንድ ጊዜ ብትነካው፣ ማታውኑ አረጋውያን ማቆያ አስገባሃለሁ። ቦታ እንዳላቸው ጠይቄያለሁ።"

ከዛቻው ይልቅ አስቀድሞ መጠየቁ ወጋቸው።

በሩ ሲዘጋ ምራታቸው ሕፃኗን ታቅፋ መጣች። "አባባ፣ አይቀየሙት። ሥራ ቦታ አናደውት ነው።"

"እኔም ሥራ ቦታ ተናድጄ አውቃለሁ፣ ልጄ።"

ሕፃኗ ሳለች። የስድስት ወር ልጅ ሳል አይመስልም፤ ሲጋራ ሲያጨስ የኖረ ሰው ሳል ነው። ምራቲቱ መስኮቱን ከፈተች፤ ከደጁ በረዶ የተነሣው ውርጭ ፊቷን ሲመታት መልሳ ዘጋችው። "ብከፍተው ይበርዳታል፤ ብዘጋው..." ሕፃኗ እንደገና ሳለች።

አዛውንቱ ወደ ክፍላቸው ገቡ። ካለፈው በጋ ጀምሮ በቀን አንድ ሁለት እየሰረቁ አልጋቸው ሥር ያደረቁት ፍልጥ ነበራቸው። አንድ እቅፍ ይዘው ወጡ። የሚጨሰውን ጉማጅ በመቆንጠጫ አንስተው ደጅ በረዶው ላይ ጣሉት፤ ሽሽ ብሎ ጠፋ።

"ኧረ አባባ፣ ይተዉት! የምሩን ነው እኮ!"

"አውቃለሁ። እኔ ነኝ ያሳደግኩት።"

ሦስት ቀጫጭን ፍልጥ ፍሙ ላይ አቆመው እጀታውን ስበው አየሩን ከፈቱ። እሳቱ ተነሣ፤ ትንሽ ቆይቶ መስታወቱ እየጠራ መጣ። ደጅ ወጥተው ጣራውን አዩ። ጭስ የለም፤ ከቱቦው አፍ በላይ አየሩ ብቻ ይንቀጠቀጣል።

ተመልሰው አየሩ እንደተከፈተ እንዲቀር እጀታውን የያዘውን ብሎን ፈቱ፤ ነቅለው ከነሙቀቱ ኪሳቸው ከተቱት።

"አልጋዬ ሥር የቀረው ለዘጠኝ ቀን ይበቃል" አሏት። "ከእሱ ብቻ አንድጂ።"

ከዚያ ክፍላቸው ገብተው ሻንጣቸውን ለማውረድ ወደ ቁም ሳጥኑ አናት ተንጠራሩ።