በመቶ አምስቷ ውስጥ የቀረችው ፀጉር

አታምኑኝም፣ ዓይኔ ይጥፋ አታምኑኝም፣ ትከሻው በር የሚዘጋ ሰውዬ ከሩዝ ፍሬ እምብዛም በማትበልጥ የነሐስ ቁራጭ ፊት ቁጭ ብሎ፣ እንባውን ቤንዚን በነካው እጁ ሲጠርግ፣ ቤንዚኑ ደግሞ ዓይኑን አቃጥሎት እንደገና ሲያስለቅሰው፣ የቱ የሀዘን የቱ የቤንዚን እንደሆነ ለራሱም ጠፍቶት።

ጆሮ ይሉታል፣ የሞተር ሳይክልን በሽታ በድምፅ ስለሚያውቅ፣ ጎረቤት ሲያስነጥስ እንኳ ካንዴላው ቆሽሿል ይላል ብለው ያሙታል። አሁን የሚሰማው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ጋራዡ ደጃፍ ሣጥን ገልብጠው የተቀመጡት አማቱ የውሃ ጀሪካኑን በጥፍራቸው ሲመቱ፣ ጠክ፣ ጠክ። ፀጉራቸውን ቀለም ተቀብተው ከአዲስ ጎማ አጥቁረው መጥተዋል፣ ልጃቸው፣ የሱ ሚስት፣ መቃብር ላይ የተከሉትን አበባ ሊያጠጡ፣ ምን ሊሉት እንደፈለጉ ይገባዋል፣ ልጄ አበባው እየደረቀ ነው፣ እሷ ደግሞ ጥም አትችልም ነበር። ነበር። ምን ዓይነት ቃል ናት ይቺ።

መቶ ቁጥሩን ጂግለር፣ ለሞተሩ ቤንዚን የሚመጥነውን ባለቀዳዳ ነሐስ፣ ያስገባ? አስገብቶት ነበር እኮ፣ ጠዋት። ቁጥሩ የቀዳዳው ስፋት ነው፣ የመቶዋ ጂግለር ቀዳዳ ጠባብ ነው፣ ቤንዚን አያደርስም፣ የመቃብሩ ዳገት ወገብ ላይ ሞተሩ ተንፈራፍሮ ቀጥ፣ ካንዴላው ሲፈታ እንደ አመድ ነጭ፣ አማቱ ወርደው ገፉ፣ በዚህ ዕድሜያቸው፣ እየገፉም፣ እሱ እኔን ሊያደርሰኝ ነው ወይስ እኔ እሱን ላደርሰው ነው የወጣነው አሉ። መቶ አስሩ ደግሞ ሆዳም፣ የጠጣውን ሳያቃጥል የሚያገሳ፣ ከማርሚታው የወጣው ጭስ ፀሐይዋን ጋርዷት የሰፈሩ ዶሮ ሁሉ መሸ ብሎ ቆጥ ላይ ወጣ። ለዚህ ሽማግሌ ሞተር ልኩ መቶ አምስት ነው፣ በሱ ሲሄድ እንደ ጠገበ ድመት ነው የሚያንኮራፋው፣ መለዋወጫ ሻጩ ግን ሙዚየም ሄደህ ጠይቅ ብሎ ስቆበታል። አንዲቷ መቶ አምስት መዳፉ ላይ ናት። ወደ ፀሐይ ያነሳታል። ብርሃን አያልፍባትም። ውስጧ ጥቁር ክር።

ክር አይደለም። የሷ ፀጉር ነው።

ጂግለር በሽቦ አይጠረግም፣ ሽቦ ቀዳዳውን ይፍቀዋል፣ መቶ አምስት ያልከው ሳታውቀው መቶ አስራ አምስት ሆኖ ታገኘዋለህ፣ ሙያውን ያስተማረው መካኒክ በፈረስ ጭራ ነበር የሚጠርገው፣ እሱ ፈረስ ከየት ያምጣ፣ ሚስት አገባ። ፀጉር ደግሞ ነበራት፣ ስታበጥረው ማበጠሪያው መሃል መንገድ ላይ ቁጭ ብሎ እረፍት የሚጠይቅ፣ ጂግለር በተደፈነ ቁጥር አንዲት ትነቅልና፣ እንካ፣ አንድ ቀን ራሰ በራ ታደርገኛለህ፣ ይስቃሉ፣ አዎ ይስቁ ነበር። ከዚያ ሕመሙ፣ መድኃኒቱ፣ ሻሹ። ሻሹን ተኝታም አታወርድም፣ እንዳታየኝ አለችው፣ አላየም፣ ፀጉሯ ሳስቷል ብሎ ገመተ፣ መለመኑንም ተወ። አንድ ቀን ግን ሞተሩ ሲያስል ከአልጋዋ ሰማችው፣ ሰው ጆሮ የሚለው እሱን፣ ጆሮስ እሷ ነበረች፣ እናቷን አስገብታ በሩን አዘጋች፣ ቆይቶ በበሩ ስንጥቅ ቀጭን እጅ ወጣ። እንካ፣ ላንተ የሚሆን አይጠፋም።

አስገብቶ ሲስባት ተበጠሰች፣ ግማሿ ውስጥ ቀረች፣ ነገ አወጣታለሁ አለ። በነጋታው እሷ የለችም።

በቀብሯ ላይ፣ ሟች ከባለቤታቸው ጋር በፍቅርና በመተሳሰብ ኖረዋል ተብሎ ተነበበ፣ ስለ ጂግለር አንድ ቃል የለም። ማበጠሪያዋን ለቀስተኞች አጠቡት፣ ትራሷንም አጠቡት፣ ምን አለበት ትንሽ ቆሻሻ ቢተዉለት፣ ከዚያ ሁሉ ፀጉር ይቺ ብቻ፣ ከቀዳዳው ብቅ ያለው ጫፏ ነጣ ብሏል፣ ቤንዚኑ አንጥቷት ይሆናል። አንዴ በአየር ቢነፋት ትወጣለች፣ ሞተሩም ዳገቱን ይወጣል፣ አበባውም ይጠጣል። ከዚያስ? ከዚያ ቤቱ ውስጥ ምኗ ይቀራል? አልነፋም። የመቶውን ቀዳዳ በሞረድ ያስፋው? በስንት ይቆማል? እጁ ሞረዱን ያነሳል፣ መልሶ ያስቀምጣል፣ ይኼ ብሎን በጥርሱ የሚፈታ እጅ፣ አይ፣ ጥርስና እጅ እንኳ ተምታቱበት።

ጠክጠኩ ቆሟል። አማቱ አጠገቡ ናቸው።

ያቺስ መዳፍህ ላይ ያለችው? ተደፍናለች እማማ። ጥረጋታ። አልችልም። አንተ ያልቻልካት ማን ሊችላት ነው? ይነግራቸዋል፣ አንገቱን ደፍቶ፣ የሷ ናት፣ የመጨረሻዋ ናት፣ ድምፁም እንደ መቶዋ ጂግለር ሰልሎ መሃል መንገድ ላይ ቀጥ።

አማቱ ይቀበሉታል። ወደ ፀሐይ ያነሳሉ፣ አንድ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ነጣ ያለውን ጫፍ በጥፍራቸው ነካ ያደርጋሉ፣ ከንፈራቸው ሲንቀጠቀጥ ያያል፣ ሳቅ ይሁን ልቅሶ አልለየለትም፣ ለሳቸውም አልለየላቸውም።

«አንተ ሞኝ፣ ንፋትና እንሂድ፤ ይቺ የኔ ናት፣ ሥሯ ቀለም አልደረሰውም አታይም? እሷማ አንድም አልቀራትም ነበር፣ ባሌ እንዳይሰማ ብላ ከኔ ራስ ነቀለችልህ።»