ዝናብ ሲዘንብ ኑ

ጋሽ መኩሪያ ልጃቸውን ለሰው መስጠት አይፈልጉም የሚባለው ሐሜት ነው። ይፈልጋሉ። ዛሬ እንዳይሆን፣ ዘንድሮ እንዳይሆን፣ ባልየውም ይኼኛው እንዳይሆን ብቻ።

ልጅቷ ሳምራዊትም ብትሆን በአባቷ አትፈርድም። እናቷ የሺመቤት የሞተችው እሷ ገና ፊደል ስትቆጥር ነው። ከዚያ ወዲህ በዚያች ባለሁለት ክፍል ቤት ያሉት አባትና ልጅ ብቻ ናቸው። ቤቷ ከላምበረት ዝቅ ብሎ፣ ድሮ የጆንያ ፋብሪካ በነበረው ግቢ ጥግ፣ ለሠራተኛ ከተሠሩት ረድፍ ቤቶች የመጨረሻዋ ናት። የመጨረሻዋ ማለት ደግሞ የታችኛዋ ማለት ነው። ክረምት በገባ ቁጥር ከየካ ተራራ የወረደው ጎርፍ አስፋልቱን ይዞ ይመጣና ሳያንኳኳ ይገባባታል።

ያኔ አባትና ልጅ ሥራቸውን ያውቁታል። አልጋውን እሳቸው በራስጌ፣ እሷ በግርጌ ይዘው ጡብ ላይ ያወጡታል። ጤፉ ጠረጴዛ ላይ፣ ቴሌቪዥኑ ቁም ሳጥን ላይ ይወጣል። ከዚያ በሳፋና በጆግ ውሃውን ወደ ደጅ መቅዳት ነው። ቀድተው ሲደክማቸው እግራቸውን አልጋው ላይ ሰቅለው ሽሯቸውን ይበላሉ፤ ጋሽ መኩሪያ የፋብሪካውን ወሬ ያወሩላታል፣ እሷ ትስቃለች። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ በዓመት ውስጥ እንደዚያ ቀን ደስ የሚላቸው ቀን የለም። ይህን ግን ለማንም ተናግረው አያውቁም። ጎርፍ ደስ ይለኛል የሚል ሰው ጠበል ነው የሚወሰደው።

ለሳምራዊት ጠያቂ ጠፍቶ አያውቅም። መድኃኒት ቤት የምትሠራ፣ ቁም ነገረኛ፣ ሳቋ የሚያምር ልጅ ናት። ማንም ቢመጣ መልሷ ግን አንድ ነው፤ «ክረምት ሲመጣ አባዬን ማን ያግዘዋል?» ጋሽ መኩሪያም «ኧረ እኔን ብለሽ እንዳትቀሪ፣ ኋላ ሰው ምን ይለኛል» ይሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። ደስታቸው እንዳይታይባቸው ነው።

እንዲህ እያሉ ሳለ ኢያሱ የሚባል መሐንዲስ መጣ።

ፋብሪካው ከተዘጋ ቆይቷል። ግቢው መንደር ይሁን ተባለ፤ መንደር ብቻም አይደለም፣ ቤቱም ሱቁም የሥራ ቦታውም አንድ ላይ ያለበት፣ የዝናብ ውሃ የማይባክንበት፣ ጎርፍም የማያስቸግረው መንደር። ጆንያ ይሸመንበት የነበረው አዳራሽ ዳቦ ቤት፣ ጸጉር ቤትና የእንጨት ሥራ ቤት ሆነ፤ ከጎኑ አፓርታማ ቆመ። የጣሪያው ውሃ በቧንቧ ወደ ሮቶ ይወርዳል፤ መጸዳጃ ቤቱ የሚለቀቀው፣ አትክልቱም የሚጠጣው ከዚያ ነው። የሠራተኞቹ ቤቶች ይፍረሱ ሲባል፣ አይፈርሱም፣ ሰዎቹም የትም አይሄዱም ብሎ ሽንጡን ገትሮ የተከራከረው ኢያሱ ነው። ይህን ጋሽ መኩሪያ ራሳቸው አይክዱም።

የጭነት መኪና ይቆምበት የነበረውን ሜዳ ግን ቆፈረው። እንደ ትልቅ ሳፋ አጎድጉዶ ሣርና ቄጠማ ተከለበት። የሰፈሩ ሰው ስም ለማውጣት ማን ብሎት፣ ወዲያው «ሳፋው» አለው። ጎርፉ ሲመጣ እዚያ ገብቶ ይቀመጣል፣ ቀስ እያለ መሬቱ ይጠጣዋል፣ የሰው ቤት አይገባም ነው ነገሩ።

«የኢያሱ አያት እዚሁ ምስር ያርሱ ነበር» ይላሉ ጋሽ መኩሪያ ነገር ሲያምራቸው። «አያት አረሰ፣ እኛ ጆንያ ሠራን፣ የልጅ ልጅ መጥቶ ጉድጓድ ቆፈረ።»

ዋናው ጠብ ግን የጉድጓዱ አልነበረም፤ የጆንያ ነው። ጋሽ መኩሪያ በየዓመቱ ግንቦት ሲያልቅ፣ በገዛ እጃቸው በሸመኑት ጆንያ አሸዋ ይሞሉና ከደጃፋቸው እስከ መንገዱ ጥግ ይደረድራሉ። ጎርፉን ያስቆመዋል ባይባልም ያዘገየዋል። ዘንድሮ ታዲያ ያ ድርድር ያረፈው ውሃው ወደ ሳፋው ከሚገባባቸው ሁለት አፎች ልክ በታችኛው ላይ ሆነ።

«ጋሼ፣ ይህን ጆንያ ቢያነሱልኝ» አለ ኢያሱ። «ውሃው መግቢያ ካጣ ተመልሶ ወደ እርስዎ ነው የሚመጣው።»

«ስንት ክረምት አብሮኝ የከረመ ጆንያ ነው። አንተን ያወቅሁህ ትናንት ነው።»

በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። በሌላውም ሳምንት መጣ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ፤ ጋሽ መኩሪያ ፍንክች አይሉም። አንድ መሐንዲስ ስለ አንድ ረድፍ ጆንያ ይህን ያህል የሚያወራው ምን ኖሮት ነው ብለው አለመጠርጠራቸው ግን የዋህነታቸው ነው። ሻዩን የምታቀርበው ሳምራዊት ነበረች። ሠራተኛ አዝዞ ጆንያውን ማስነሳት ያቅተው ነበር? አያቅተውም። ግን የነገ አማቱን ጆንያ በጉልበት የሚያስነሳ ሞኝ የት አለ? ጆንያው ባለበት ቀረ፤ ልጁና ልጅቷ ተግባቡ።

ሰኔ ውስጥ አንድ እሑድ ሽማግሌ መጣ። ሦስት ናቸው፤ ከሰሚት የመጡት የኢያሱ አጎት አቶ ጀቤሳ፣ የሰፈሩ ባለሱቅ ሐጂ አብዱልሐሚድ፣ ሦስተኛው ደግሞ ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? አቶ ኃይለኪሮስ፤ ከጋሽ መኩሪያ ጋር በአንድ ፈረቃ ጆንያ ሲሸምኑ የኖሩ የልብ ወዳጃቸው። ጋሽ መኩሪያ እሳቸውን ሲያዩ አንጀታቸው አረረ።

«አንተም?» አሉ።

«እኔም» አሉ አቶ ኃይለኪሮስ። «ልጅቷን ለማን ልትሰጥ ነው? ለጆንያው?»

ተቀመጡ ቢባሉ፣ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይፈጸም አይቀመጥም ብለው ቆሙ። ደንቡ ነው። አባትም በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም፤ ቀጠሮ ይሰጣል። ጋሽ መኩሪያ የሰጡት ቀጠሮ ግን ከዚያ በፊት ተሰምቶ አይታወቅም።

«ዝናብ ሲዘንብ ኑ» አሉ። «ልጁ ‹ውሃ ቤትዎ አይገባም› ብሎኛል። እንይለታ። ነሐሴ ውስጥ፣ እሑድ ከሰዓት፣ ደህና ዝናብ ሲጥል ኑ። ውሃው ከደጄ ከተመለሰ ልጄን እሰጣለሁ። ቤቴ ከገባ ግን ሁለተኛ ይህን ነገር አታንሱብኝ።»

ሽማግሎቹ ተያዩ። «እኛ ስንት ሽምግልና ገብተናል፤ ከዳመና ጋር ቀጠሮ ስንይዝ ግን የመጀመሪያችን ነው» አሉ ሐጂ አብዱልሐሚድ። ይሁንና ቃል ተቀባብለው ሄዱ።

ሳምራዊት ራት አቀረበችና ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

«አባዬ፣ እኔ እኮ እፈልገዋለሁ» አለች። ፊቷ ላይ የወትሮው ሳቅ አልነበረም።

«ቤቱ የት ነው ያልሽኝ?»

«የካ አባዶ።»

«ሩቅ ነው።»

«ታክሲ አለ።»

«የታክሲውን ሰልፍ አላየሽውም። ለማንኛውም ውሃው ካልገባ ያንቺ ነው።»

«ጆንያውን ካላነሳህ እንደሚገባ ታውቃለህ።»

«እኔ መሐንዲስ አይደለሁም» አሉና ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው በገዛ እጃቸው አፋቸውን ያዙ። ጆንያውን ራሷ ልታስነሳው ትችል ነበር፤ የአባቷን የእጅ ሥራ ከጀርባቸው ማፍረስ ግን አልሆነላትም።

የዚያ ዓመት ሐምሌ ካፊያ ብቻ ሆኖ አለፈ። ነሐሴም ሲገባ እያስገመገመ ይተዋል። እሑድ በመጣ ቁጥር አባት በሩ ላይ ቆመው ዳመና ያያሉ፣ ልጅ በመስኮት ዳመና ታያለች። ምን እንደሚለምኑ አይነጋገሩም። ጋሽ መኩሪያ አንዳንዴ የልጃቸውን ጫማ ከበሩ ሥር ያዩና፣ ይህ ጫማ እዚህ ባይኖር ብለው ያስባሉ።

የቀጠሮው ዝናብ የመጣው ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ባለው እሑድ ነው። መጣ ከማለት ተዘረገፈ ማለት ይሻላል። ሽማግሎቹ ጥላቸውን አጋጥመው፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው ደረሱ። ጋሽ መኩሪያ ሙሉ ልብስ ለብሰው ጠበቋቸው። ሳምራዊት እንደ ደንቡ ጓዳ ገባች። ኢያሱም በደንቡ ሽማግሌ በላከበት ቤት ዝር አይልም፤ ግን አላስቻለውም፣ መንገዱን ተሻግሮ ዳቦ ቤቱ በረንዳ ላይ ቆሟል።

አራቱ ሰዎች በሩ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ጎርፉ ቅጠሉንና ፌስታሉን እያንከባለለ ከላይ ወረደ። በላይኛው በኩል ያለው የሳፋው መግቢያ ተቀበለውና ግማሹ ወደዚያ ገባ። የላይኞቹ ቤቶች ደጅ ዝናብ ብቻ ነክቶት ቀረ። አቶ ጀቤሳ «አያችሁ» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ የቀረው ውሃ የጋሽ መኩሪያ ጆንያ ላይ ደረሰ። እዚያ ቆመ፣ አበጠ፣ ዞረ። ከዚያ የጆንያውን ረድፍ ተከትሎ ቀጥ ብሎ ወደ በሩ መጣ።

ኢያሱ በረንዳው ላይ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ።

«መኩሪያ» አሉ አቶ ኃይለኪሮስ ቀስ ብለው። «ጆንያው ነው እኮ።»

ጋሽ መኩሪያ ይህን ከመስማታቸው በፊት ያውቁታል። ከግንቦት ጀምሮ ያውቁታል። ውሃው ደረጃዋን ላሰ። አሁን ዝም ብለው ቢቆሙ፣ አንዲት ነገር ሳያደርጉ ልጃቸው ትቀርላቸዋለች። ውሉን የተቀበሉት ሽማግሎቹ ናቸው፣ ዝናቡን የላከው እግዜር ነው፤ በእሳቸው ማን ይፈርዳል?

ሐጂ አብዱልሐሚድ ከግድግዳው ያስደገፉትን ጥላ አነሱ። «እንግዲህ ውላችን ይኸው ነበር» አሉ ቅር እያላቸው።

ያን ጊዜ ከጓዳ ድምፅ ተሰማ። ጡብ በሲሚንቶ ወለል ላይ ሲጎተት ነው። ሳምራዊት አልጋውን እያነሳች ነበር። ለሽማግሌ ብላ የለበሰችውን ቀሚስ እንደለበሰች፣ ብቻዋን። አንዱን እግር ከፍ ታደርግና ጡብ ታስገባለች፣ ዞራ ሌላውን ታነሳለች። ለቅሶም ምሬትም አይሰማም፤ ጡቡ ብቻ ነው የሚሰማው።

ያ ድምፅ የጋሽ መኩሪያን አንጀት በላው። ይቺ ልጅ እሺ ብላ ትቀራለች። በሚመጣውም ክረምት፣ ከዚያ በኋላ ባለውም፣ ጸጉሯ እስኪሸብት አልጋ ስታነሳ ትኖራለች። እሳቸው የሞቱ ዕለት ደግሞ ያንኑ አልጋ ብቻዋን ታነሳዋለች።

«ምን ዓይነት አባት ነኝ» አሉ ድምፅ አውጥተው።

ወጡ። በሙሉ ልብሳቸው፣ ለዕለቱ ባስወለወሉት ጫማቸው ዝናቡ ውስጥ ገቡ። የመጀመሪያውን ጆንያ በሁለት ጆሮው ይዘው ጎተቱ። ውሃ የጠጣ አሸዋ የሞተ በሬ ያህላል፤ አልነቃነቅ አለ። እንደገና ሲጎትቱ አንሸራተታቸውና ጭቃው ላይ ቁጭ አሉ። አቶ ኃይለኪሮስ ኮታቸውን አውልቀው ተከተሏቸው። ሁለት ሽማግሌ ባንድ ጆንያ ታገሉ፤ እንደ ምንም አንዱ ተነሳ። የቀረው ብዙ ነው፤ ውሃው ደፉን ሊያልፍ ነው።

ጋሽ መኩሪያ ቀና ሲሉ ኢያሱን አዩት። አንድ እግሩ ከበረንዳው ወጥቷል፣ አንደኛውን ደንብ ይዞታል።

«ምን ቆመህ ታየኛለህ?» ብለው ጮሁ። «ና አግዘኝ እንጂ! ለገዛ ቤትህ ጥሪ ትጠብቃለህ?»

ሐጂ አብዱልሐሚድ በሩ ላይ ሆነው ይህን ሲሰሙ ጥላቸውን መልሰው ከግድግዳው አስደገፉ። «አለቀ» አሉ ለአቶ ጀቤሳ። «ሰጠ እኮ። በል ተቀመጥ፣ ከዚህ በላይ መልስ የለም።» እና ሁለቱም ገብተው ተቀመጡ።

ኢያሱ መንገዱን እንዴት እንደተሻገረው አልታየም። ከአማቱ ጎን ገብቶ ጆንያውን እየጎተተ ይወረውር ጀመር። የመጨረሻው ሲነሳ ጎርፉ አንዴ አመነታና ታጥፎ ወደ ሳፋው ገባ። ቄጠማው ጎንበስ ብሎ አሳለፈው። ደፉን የነካው ውሃም ቀስ እያለ ወደ ኋላው ሸሸ።

«ጉድጓድህ ደህና ነው» አሉ ጋሽ መኩሪያ እያለከለኩ።

«ጆንያዎም ጠንካራ ነው ጋሼ» አለ ኢያሱ። እጁ ተልጦ ነበር።

ወደ ቤት ሊከተላቸው ሲል ግን አስቆሙት። ደንብ ደንብ ነው፤ ሽማግሌ ሳይመለስ ሙሽራ አይገባም፤ ሂድና ልብስህን ቀይር አሉት። ኢያሱ እየሳቀ ሄደ።

ሳምራዊት ደንቡን ትታ ከጓዳ ወጥታ ነበር፤ ፎጣ ይዛ ጠበቀቻቸው። ወንበር ላይ አስቀምጣ ጭንቅላታቸውን እንደ ሕፃን ታደርቅ ጀመር።

«ልጄ» አሉ፤ ሰው አለ ብለው አልደበቁም። «ውሃው እንዲገባ ፈልጌ ነበር።»

«አውቃለሁ አባዬ።»

«ታዲያ ዛሬ እንዴት አንድ ቃል አልተናገርሽኝም?»

«ትወጣለህ ብዬ ነዋ።»

«እንደምወጣ ካወቅሽ አልጋውን ለምን አነሳሽው?»

ሳምራዊት በፎጣው ጫፍ ከጆሯቸው ሥር ጭቃ ጠረገች።

«ትንሽ ስለቆየህ» አለች።

ጋሽ መኩሪያ ሳቁ። ሳቃቸው መሃል ላይ ተሰበረና እንባ ሆነ፤ ፎጣውን ከእጇ ተቀብለው ፊታቸውን ሸፈኑበት። ሽማግሎቹም ያላዩ መስለው ስለ ዘንድሮ ዝናብ ያወሩ ጀመር።