የጭሴ ውርንጭላ

እትዬ ክፉ ናት። ከኋላዋ የማማት እንዳይመስላችሁ፤ ፊት ለፊቷም ብያታለሁ፣ ስቃ አለፈችኝ። የአክስቴ ልጅ ናት፤ እኔ ጭንቅላት የማጥብበት ጸጉር ቤትም የሷ ነው። ቀለም የምትቀባው ደግሞ ታናሽ እህቷ ናት። ሦስት ሴቶች፣ ሁለት የጸጉር ማድረቂያ ካስክ፣ ግድግዳውን የሞላ መስታወት። ቀኑን ሙሉ አንዳችን የሌላችንን ፊትም ጀርባም ስናይ እንውላለን። እንዲህ ተፋጥጦ እየተዋለ ተንኮል መሸረብ የማይቻል ይመስላል፤ ለእትዬ ግን ይቻላታል።

የፈረሱን ጨዋታ ያመጣችብን የታናሽየዋ ልጅ ሚጡ ናት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ባዶ ካስክ ሥር ትቀመጥና ስልኳ ላይ ታቀረቅራለች። እስቲ ምንድን ነው ብለን ጠጋ አልን፤ በቃ፣ እዚያው ተጣብቀን ቀረን። ስልኩ ውስጥ ጋጣ ይኖራችኋል። ፈረሶቻችሁን ታበላላችሁ፣ ታጠጣላችሁ፣ ትቦርሻላችሁ፣ ሴቷን ባዝራ ከወንዱ ድንጉላ ታዳቅላላችሁ፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ውርንጭላ ይወለዳል። ሌላው ሰው ለሽቅድምድም ነው አሉ የሚጫወተው። እኛ ሽቅድምድሙን ከፍተነውም አናውቅ፤ ከቀለም ጋር የምንውል ሰዎች ነን፣ የያዘንም ቀለሙ ነው። ቀዩን ዳማና ጥቁሩን ጉራች ማንም ያገኛል። ወይን ጠጅ የሚያበራ፣ ገላው ላይ ነጠብጣብ የፈሰሰበት፣ እንደ ዕንቁ የሚያንጸባርቅ ፈረስ ለማግኘት ግን የማን ልጅ ከማን ጋር እንደሚዳቀል ማወቅ ይጠይቃል። በዚህ እትዬን የሚያህል የለም። ከደንበኛ ጸጉር ላይ ቢጎዲን እየፈታች የአንዱን ፈረስ ዘር ማንዘር እስከ ቅድመ አያቱ ትቆጥርላችኋለች።

ሚጡ ዘር መቁጠር የሚባል ነገር አታውቅም። ደስ ያሏትን ሁለት ፈረሶች አገናኘች፣ ጭሴ ተወለደች። ገላዋ የጭስ ቀለም፣ ጋማዋ ብር። እትዬ ያንን ቀለም ስታሳድድ ስንት ጊዜዋ ነበር። ስልኩን ከልጅቷ እጅ ተቀብላ ባዝራዋን በጣቷ አገላብጣ፣ ከላይ ከታች አየችና፣ "ዕድል ነው" ብላ መለሰችላት። የዚያን ቀን ፊቷ እንደጠቆረ ዋለ። በአሥራ ሁለት ዓመት ሕፃን ይቀናል? እትዬ ትቀናለች።

ከዚያ ሚጡ ታመመች። ሳንባዋን ነው። የዓመቱ መጨረሻ ፈተና ላይ ሳትቀመጥ ሞተች።

እናቷ ወደ ሥራ ስትመለስ የልጅቷን ስልክ ጋውኗ ኪስ ውስጥ ይዛ መጣች። ጠዋት ጠዋት የመጀመሪያውን ቀለም ከመበጥበጧ በፊት ጭሴን ታበላለች፣ ታጠጣለች፣ ትቦርሻለች። ሌላ ምንም አትነካም። ማዳቀሉን ትፈራዋለች፤ "የልጄን ነገር አበላሽባት ይሆን" ትላለች። ስትቦርሽ አውራ ጣቷ ጥቁር ነው፣ ቀለም ጓንቱን አልፎ ይገባባታል። አንጀቴን ትበላኛለች እላችኋለሁ።

እትዬ አንድ ሳምንት እንኳ አልታገሠችም። ደንበኛ ፊት፣ መስታወት ውስጥ እያየቻት፣ "ባዝራዋን ወደኔ ጋጣ ላኪያት። አንቺ አትችይበትም፣ ያ ሁሉ ቀለም ይባክናል" አለቻት።

ታናሽየዋ በዕድሜዋ ሙሉ እህቷን እምቢ ብላ አታውቅም። ቤት ተከራዪ ስትላት ተከራይታ፣ ባልሽን ፍቺ ስትላት ፈትታ የኖረች ሴት ናት። ያን ቀን ግን ብሩሹን ሳህኑ ላይ አስቀምጣ፣ "እሷንስ አልሰጥም፣ እትዬ" አለች።

"ይሁን" አለች እትዬ። ከዚያ ጀምሮ ለእህቷ ማር ሆነች። ሻይ ታዝዝላታለች፣ ዛሬ ደክሞሻል ብላ በጊዜ ትሸኛታለች። እትዬን የሚያውቅ ሰው የሚፈራት ማር ስትሆን ነው።

ጨዋታው ላይ ፈረሶች ያረጃሉ። አንድ ጠዋት የሚጡ ስልክ ላይ መልእክት ወጣ፤ ጭሴ ልትወልድ የምትችለው ከእንግዲህ አንዴ ብቻ ነው ይላል። ታናሽየዋ ስልኩን ይዛ ወንበር ላይ ዘጭ አለች። ደንበኛዋ ጭንቅላቷ በፎይል ተሞልቶ ትጠብቃታለች።

"ሳትወልድ ከሞተችብኝ የሚጡ እጅ የነካው ነገር አይቀረኝም" አለችን። "አንድ ውርንጭላ ብቻ። ቀለሙ የፈለገው ይሁን፣ ዳማም ቢሆን። ከሷ የወጣ ይሁንልኝ እንጂ።"

ድንጉላ ግን የላትም፤ የሚጡ ሌሎቹ ፈረሶች አርጅተው አልቀዋል። እኔም ጋ ያለው የጭሴ ዘመድ ስለሆነ አይሆንም። እትዬ ጣልቃ ገባች። "ምን አስጨነቀሽ፣ እኔ አለሁ አይደል? የኔን ጉራቹን ውሰጂ" አለችና ስልኳን ዘረጋችላት። ድንጉላው ጥቁር ነው፤ ከአንገቱ እስከ ሆዱ ግን ወተት የፈሰሰበት የሚመስል ነጭ አለበት።

ታናሽየዋ ነጩን ስታይ ፊቷ በራ። ቀለም ቀቢ አይደለች? ጥቁር ጸጉር ላይ ደህና ቀለም እንዲይዝ መጀመሪያ በዱቄቱ ማንጣት ነው፤ በነጣ ጸጉር ላይ ያሻሽን ብትቀቢ ይይዛል። ሃያ ዓመት እጇ የሚያውቀው ይህንን ነው። "ይሄማ ጥሩ ነው" አለች፤ "ነጭ ካለበት የጭሴን ቀለም አጥርቶ ያወጣዋል፣ አይደል እትዬ?"

እትዬ ፈገግ አለች። "ቀለምን ላንቺ እኔ ላስተምርሽ?"

አብረው ቁልፉን ተጫኑ። አንዴ ከተጫኑት መሰረዝ የለም።

በምሳ ሰዓት ደንበኛ ሲቀል እትዬ ራሷን ታሳጥበኛለች። አንገቷን ገንዳው ላይ ጥላ፣ ዓይኗን ጨፍና ተንጋለለች። እኔ ሻምፖውን እያሸሁ፣ እንዲሁ ወሬ ፍለጋ፣ የድንጉላው ነጭ ከየት እንደመጣ ጠየቅኋት።

"ድብቅ ነጭ ይባላል" አለችኝ። "አንዱ ወገን ብቻ ካለበት ያምራል። ባዝራውም ድንጉላውም ካለባቸው ግን ውርንጭላው ወረቀት መስሎ ይወለዳል። አያድርም።"

"አያድርም ማለት?"

"ይሞታላ። ጨዋታው እንደዚያ ነው የተሠራው።"

"ጭሴ ግን ነጭ የለባትም።"

"አለባት። ሆዷ ሥር፣ ጥፍር የምታህል። ካላገላበጥሻት አይታይም።"

እጄ ቆመ። ውኃው ብቻ ይፈሳል። ጭንቅላቷ መዳፌ ላይ ነው፣ ጉሮሮዋ ወደ ላይ ተዘርግቷል፤ የዚያን ጊዜ በልቤ ያሰብኩትን እኔና ፈጣሪ ብቻ እናውቀዋለን።

"እህትሽ እኮ ናት" አልኳት።

"እህቴ ስለሆነች ነዋ። ባዕድ እምቢ ቢለኝ ምን ገዶኝ? ውኃውን ቀዝቀዝ አድርጊው፣ አቃጠለኝ።"

"እነግራታለሁ።"

ዓይኗን ገለጥ አድርጋ ከታች ወደ ላይ አየችኝ። "ንገሪያት። ውርንጭላው እስኪወለድ ድረስ በየቀኑ ስትሞት ትከርማለች። ካልነገርሻት ቢያንስ እስከዚያ ትስቃለች። የሚመለስ ነገር እንደሆነ የለም፤ ምረጪ እንግዲህ።"

ይህች ሴት ሰውን እንዴት እንደምታስር ታውቃለች። ታናሽየዋን ቀና ብዬ አየኋት፤ ጥግ ላይ ቆማ፣ ጓንቷን ሳታወልቅ፣ ለደንበኛዋ ስለሚወለደው ውርንጭላ ታወራለች። ልጅቷ ከሞተች ወዲህ ጥርሷን ያየሁት ያን ቀን ነው። አፌን ይዤ ቀረሁ።

ውርንጭላዋ አንድ ጠዋት ጸጉር ቤቱ ገና እንደተከፈተ ተወለደች። ሴት ናት። ነጭ፤ አንዲት ጠጉር ሌላ ቀለም የሌለባት፣ ረጃጅም እግሮቿ ላይ እየተንገዳገደች የጭሴ ብርማ ጋማ ሥር ትገባለች። ታናሽየዋ እጇን አፏ ላይ ጭና አለቀሰች። ደንበኞቹ ከየወንበሩ ተነስተው ከበቧት፣ አንዷ ቢጎዲኗ ግማሹ ተፈቶ፣ አንዷ ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጥላ፣ ተያይዘው ስልክ ያያሉ። "እንዴት ታምራለች" ይላሉ። ታናሽየዋ ስም መጻፊያው ላይ "ሚጡ" ብላ ጻፈች።

ከዚያ ሄዳ እትዬን አቀፈቻት። "ልጄን መለስሽልኝ" አለቻት አንገቷ ውስጥ ሆና። "ባለፈው አስቀይሜሽ ነበር። ይቅር በይኝ።"

እትዬ ጀርባዋን መታ መታ አደረገቻት። እኔን በመስታወት እያየች፣ "ዛሬ በጊዜ ግቢ" አለቻት፤ "ስልኩን እንዳትዘጊው። ገና ጨቅላ ናት፣ አጠገቧ እደሪላት።"

መሞቷ ሲያንስ ቁጭ ብላ እንድታይ ነው የፈለገችው። ታናሽየዋ ግን የስልኩን ገመድ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ፣ እንደ አራስ ተጣድፋ ሄደች።

በማግስቱ ከሁላችን ቀድማ ገብታ አገኘኋት። ቀለም እየበጠበጠች ነው፣ ማንም ደንበኛ ሳይኖር። ሳህኑ ውስጥ ቀይና ጥቁር ደባልቃለች፤ ለምንም የማይሆን ነገር።

"ሞተች" አለችኝ። "ውርንጭላዎ አልተረፈችም ይላል። ሌላ ነገር አይልም።" ብሩሹን ታሽከረክራለች። "እንቅልፍ ጣለኝ። ሆስፒታልም እንደዚሁ፣ ሚጡ እጄን ይዛ ለአፍታ ልጋደም ብዬ ነው። ስነቃ እጇ ቀዝቅዟል። አሁንም ያው ነው። እኔ ስተኛ ነው የሚሞቱት።"

እትዬ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ካፖርቷን እየሰቀለች፣ "አንቺ ደግሞ እንቅልፍሽ" አለች።

ከዚህ በኋላ መቻል አልቻልኩም። የምሠራበትን ቤትም፣ ዝምድናውንም ረሳሁት። "ውሸቷን ነው" አልኩ፤ "እንቅልፍሽ አልገደላትም። ነጭ ሆና ስትወለድ መሞቷ ቁርጥ ነበር። ከጉራቹ ጋር ሲዳቀሉ እንደሚሆን እትዬ ታውቅ ነበር፣ ራሷን እያጠብኳት ነግራኛለች። ጭሴን ስላልሰጠሻት ነው። ሆን ብላ ነው።"

ታናሽየዋ ወደ እህቷ ዞረች። እትዬ አልደነገጠችም፣ አልተቆጣችም። "ይቺ የምታወራውን ታውቃለች?" አለች በለስላሳ ድምፅ። "ስለ ጨዋታው ከእሷ ነው የምትሰሚው? አንድ ደህና ፈረስ ኖሯት ያውቃል?"

"እምላለሁ" አልኩ፤ "በሚጡ ይሁንብኝ።"

በሚጡ ስምል ታናሽየዋ ሳህኑን ጣለችው። ቀለሙ ወለሉም ጫማዬም ላይ ተረጨ። "ስሟን አትጥሪ" አለችኝ። ከዚያ ቀረብ ብላ፣ እትዬ እንዳትሰማ ይመስል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "እውነትም ቢሆን አትንገሪኝ" አለች። "እናት የለኝ፣ ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ። እትዬንም ከወሰድሽብኝ ወዴት ልገባ ነው?"

መጥረጊያ አምጥቼ ወለሉን መጥረግ ጀመርኩ።

ከሰዓት በኋላ ራሷ ወደ እትዬ ሄደች። የሚጡን ስልክ በሁለት እጇ ይዛ፣ "ጭሴን ውሰጃት" አለቻት። "እኔ ጋ ከቆየች እሷንም እገድላታለሁ። ያኔ ስትጠይቂኝ መስጠት ነበረብኝ። አንቺ ጋ ትረፍ።"

"እሺ፣ ላኪያት" አለች እትዬ።

ታናሽየዋ ላከቻት። ጭሴ ከአንዱ ስልክ ጠፍታ እዚያኛው ላይ ወጣች። ታናሽየዋ ባዶውን ጋጣ ትንሽ አየችና ስልኩን አጥፍታ ኪሷ ከተተችው፣ ከዚያ ጓንቷን አድርጋ የምትጠብቃትን ሴት ጸጉር መከፋፈል ጀመረች።

እኔ ከእትዬ ኋላ ፎጣ እያጠፍኩ ነበር። ጨዋታው ላይ "ልቀቅ" የሚል ቁልፍ አለ፤ ለቀለም የማይሆኑትን፣ መውለድ ያቆሙትን በዚያ ነው የሚያሰናብቷቸው። የተለቀቀ ፈረስ አይመለስም። እትዬ አንድ እጇ ካስኩን እያስተካከለ በሌላኛው አውራ ጣቷ ጭሴን ነካቻት፣ ቁልፉን ተጫነችው። እርግጠኛ ነዎት ሲላት ደግማ ተጫነችው።

"ለምን?" አልኳት በሹክሹክታ። "ይህን ሁሉ የሆንሽው ለሷ አይደል?"

"አርጅታለች። ጋጣዬ ሞልቷል" አለችኝ፣ ደንበኛዋንም የካስኩ ሙቀት በዝቶባት እንደሆነ ጠየቀቻት።

ይህን ታናሽየዋ አታውቅም። ጠዋት ትገባለች፣ ቦርሳዋን ታስቀምጣለች፣ ገና ጋውኗን ሳትለብስ ወደ እትዬ ወንበር ትሄዳለች።

"ጭሴ እንዴት አደረች?"

"ደህና አደረች።"

"በላች?"

"በላች፣ ጠጣች፣ ቦረሽኳት።"

"ተባረኪ፣ እትዬ" ትላትና እጇን ትስማለች። እኔ የውኃውን ቧንቧ ከፍቼ፣ ለመጀመሪያዋ ሴት ሙቀቱን በእጄ ጀርባ እለካለሁ።