የጠየቀ ይሥራው

በዚያ የግንባታ ዕቃ መጋዘን ማንም ሰው ጥያቄ አይጠይቅም ነበር። ዲዳ ሆነው አይደለም፤ ወሬ ከሆነማ አንዱ ከአንዱ አፍ ይነጥቃል። ነገሩ ያለው የጠዋቱ ስብሰባ ላይ ነው። ሥራ አስኪያጁ የዕለቱን ትእዛዝ ተናግሮ ሲያበቃ ጥያቄ ያለው ካለ ይላል። የተመለሰው ሰድር የት ይራገፍ ብሎ አፉን የከፈተ ሰው ሰድሩን ሲያራግፍ ይውላል። የጠየቀ ይሥራው፤ ሕጉ ይኸው ነበር። የትም አልተጻፈም፣ የሚስተው ግን የለም። አዲስ ተቀጣሪ አንድ ጊዜ ይጠይቃል፤ ሁለተኛ አይለምደውም።

ሕጉን ከሁሉም አብልጣ የምታውቀው እትዬ ነበረች። ረዳት ኃላፊ ናት፤ ከበር ጠባቂው እስከ ሥራ አስኪያጁ በስሟ የሚጠራት የለም፣ ሁሉም እትዬ ነው የሚላት። ስንት ኃላፊ ከላይዋ መጥቶ ሄዷል። ለሁሉም ቁልፍ ያስረከበችው፣ የትኛው በር ሲዘጋ ጣት እንደሚነክስ ያሳየችው እሷ ናት። አሁን ወንበሩ እንደገና ባዶ ሆነ፤ በዚህኛው ጊዜ ግን ድርጅቱ አዲስ መመሪያ አወጣ። ለኃላፊነቱ መወዳደር የፈለገ ሠራተኛ የንግድ ስታቲስቲክስ መግቢያ የሚባለውን ትምህርት ቅዳሜ ቅዳሜ ተምሮ ከመቶ ሰባ ማምጣት አለበት።

እትዬ ወንበሩን ፈለገችው። ለክብሩ ብላ ብቻ አይደለም። የረዳቱ ጠረጴዛ ያለው ቆጡ ላይ ነው፤ የሚወጣበትም በቀጭን የብረት መሰላል ነው። የኃላፊው ቢሮ ደግሞ ምድር ቤት፣ በሩ አጠገብ። ጉልበቷ ካመፀባት ሰንብቷል። ጠዋት ጠዋት መሰላሉ ሥር ቆማ ከንፈሯን ስታንቀሳቅስ የሚያያት ሰው ዕቃ የምትቆጥር ይመስለዋል፤ እሷ ግን የምትጸልየው ለጉልበቷ ነበር።

ትምህርቱን የሚሰጠው ቀጭን፣ ድምፁ ከፍም ዝቅም የማይል ሰው ነው። በመጀመሪያው ቀን ስሙን እንኳ ሳይናገር ለእያንዳንዳቸው አንድ ወረቀት አደለና ራሱ ማንበብ ጀመረ። ከእናንተ የሚጠበቀው ይህ ነው፣ ከእኔ የምትጠብቁት ይህ ነው አለ። የዘገየ የቤት ሥራ አይቀበልም። ከመቶው ግማሹ የየሳምንቱ ሥራ፣ ግማሹ የመጨረሻው ፈተና ነው። የፈተናው ወረቀት ከተገለበጠ በኋላ ድምፅ ያወጣ ሰው፣ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ ላስነጠሰ ጎረቤቱ ይማርህ ማለትም ቢሆን፣ አምስት ማርክ ይቀነስበታል። ከዚያ ወደ ማርክ አሰጣጡ አለፈ።

እዚህ ላይ ማንም አልሰማውም። ሎተሪ የሚሉት የዕቃ ማንሻው ፎርክሊፍት ሹፌር ያን ጊዜ ለጎኑ ሰዎች ወሬ እያቀበለ ነበር። የአጎቱ ልጅ በዚሁ መምህር እጅ አልፏል፤ ሰውዬው ማርክ የሚሰጠው በከርቭ ነው። ከርቭ ማለት፣ አለ ሎተሪ፣ አንተን በራስህ አይለካህም፣ በጎረቤትህ ነው የሚለካህ። ጥቂቱ ላይ፣ ብዙው መሃል፣ የተረፈው የግድ ታች። ወሬው ከወንበር ወንበር ዞሮ ሲያበቃ መምህሩም ንባቡን ጨርሶ ኖሮ፣ ጥያቄ ካለ ብሎ ጠየቀ። ክፍሉ ጭጭ አለ። የመጋዘን ሰው በዚህ አይሞኝም። መምህሩ ሁሉም ገብቷቸዋል ብሎ ወረቀቱን አጠፈ። እትዬም የራሷን አራት ቦታ አጠፈችና ከምትወዛወዘው ጠረጴዛዋ እግር ሥር ሸጎጠችው። ጠረጴዛዋ እስከ መጨረሻው አልተነቃነቀችም።

ወራቱ አለፉ። እትዬ አማካይ ምን እንደሆነ ቶሎ ገባት፤ ቁጥሮች ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚራራቁ የሚለካው መደበኛ ልዩነት ግን አታከታት። ማታ ማታ ልጇ አጠገቧ ተቀምጣ ትጠይቃታለች። መድኃኒት ቤት የምትሠራ ፈጣን ልጅ ናት፤ እናቷ ስትሳሳት እንደ በሽተኛ ታያታለች። እንዲህ እንዲህ ሲል እትዬ ከየሳምንቱ ሥራ ከሃምሳ ሠላሳ ስምንት ያዘች። ከፈተናው ሠላሳ ሁለት ቢሞላላት ሰባ ገባች ማለት ነው።

ፈተናው ሲቃረብ ግን የምሳ ሰዓቱ ጨዋታ ተበላሸ። ከሁሉም ያሳዘናቸው አብሯቸው የሚማረው በር ጠባቂ ነበር። ልጆቹ ብዙ፣ ቁጥሩ ደካማ፤ ከርቭ የግድ አንድ ታች የሚውል ሰው ከፈለገ እሱን እንደሚመርጥ ሁሉም ያውቃል፣ ራሱም ያውቃል። አንድ ቀን ሎተሪ ማንኪያውን አስቀመጠና ዘዴውን አወጣ። የመምህሩን ትምህርት በመምህሩ ላይ ማዞር ነው።

«ሁላችንም አንድ ዓይነት ብናመጣ ልዩነቱ ስንት ነው?»

«ዜሮ» አለ አንዱ።

«ልዩነት ከሌለ ታች የሚባል ከየት ይመጣል?»

የፈተናው የመጨረሻ ሁለት ጥያቄዎች ከባድ እንደሆኑና ሃያ ማርክ እንደሚይዙ መምህሩ ራሱ ነግሯቸዋል። እነዚህን ማንም አይነካቸውም። የሚችልም የማይችልም ባዶ ትቷቸው ይወጣል፤ ያን ጊዜ ጎበዙም ሰነፉም አንድ ላይ ይውላል፤ መሃል የዋለውን ደግሞ ከርቩ ራሱ ከሰባ በላይ ያነሳዋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር፣ አለ ሎተሪ።

«አንበሳው ማነው?» አለ በር ጠባቂው።

«መምህሩ ነዋ።»

«እሱማ ድመትም አይሞላም።»

ሳቁና ቃል ተገባቡ። ቃሉ እንዳይፈርስ አደራውን ማን ይያዘው ሲባል ዓይን ሁሉ እትዬ ላይ አረፈ። የሚችሉትን ሥራ ትቶ መነሳት ደስ አይላትም፤ እግዚአብሔር የሰጠውን ቀን ጎዶሎ አድርጎ እንደ መመለስ ትቆጥረዋለች። ደግሞም ሁሉም እኩል ካመጡ የሚያወዳድራቸው የአገልግሎት ዘመን ነው፤ ያ ማለት ወንበሩ የእሷ ነው። ይሄ ሲታወሳት ራሷን ጠረጠረች። ከዚያ በር ጠባቂውን አየችው። ምሳውን ሳይጨርስ ክዳኑን ገጥሞ ነበር።

«እሺ፣ እኔ እይዘዋለሁ» አለች።

በፈተናው ቀን ሌሎቹ በድርጅቱ አውቶቡስ ተሰብስበው ሊመጡ ነበር። እትዬ ቤቷ ቅርብ ስለሆነ ጸሎቷን አድርሳ በእግሯ ቀድማ ደረሰች። መምህሩ ወንበሮቹን እያራራቀ ነበር፤ ዝም ብላ ማየት ስላልሆነላት አብራው ጎተተች። ሰውዬው ክፍል ውስጥ የማይወጣው ወሬ ወንበር ሲጎትት ወጣው። ባለፈው ዓመት ሌላ ድርጅት አስተምሮ፣ ሁሉም ከሰባ በላይ ስላመጡ ሁሉንም አሳልፎ፣ አለቆቹ እንዴት አንድ እንኳ አይወድቅም ብለው ጠርተው ጠይቀውት ነበር።

እትዬ የያዘችው ወንበር እጇ ላይ ቀረ።

«ከርቩስ?» አለች።

«የምን ከርቭ?»

«ማርኩ በከርቭ አይደለም እንዴ፣ መምህር?»

«እኔ በከርቭ ሰጥቼ አላውቅም። በመጀመሪያው ቀን አንብቤላችሁ የለም? ሰባ ያመጣ ሰባ አመጣ ነው። እርስዎም ነበሩ እኮ።»

ሃያውን የተወ ሰው ከፈተናው ሠላሳ ብቻ ነው የሚቀረው። ከሠላሳው አንዲት ሳይስት እንኳ እሷ ራሷ ሰባን አትነካም፤ በር ጠባቂውማ አይታሰብም። ወደ በሩ ዞረች። ዞራ ሳትጨርስ አውቶቡሱ ቆመ፣ ሰዎቹም እየተጋፉ ገቡ። ወረቀቱ በየጠረጴዛው ተደፍቶ ነበር። የእትዬን ድምፅ ግርግሩ ዋጠው፤ መምህሩ ስልኮቹን ሰብስቦ ዝም እንዲሉ በእጁ አመለከተ። እትዬ ከቦታዋ ሆና ሎተሪን አየችውና ራሷን በኃይል ነቀነቀች። እሱ ቃሉን ያስታወሰችው መሰለው። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አደራሽን አልበላም እንደማለት ጎንበስ አለላት።

«ገልብጡ» አለ መምህሩ።

እትዬ ሠራች። እጇ ይጻፍ እንጂ ሐሳቧ ሌላ ቦታ ነበር። የመጨረሻዎቹን ሁለት ብሠራ ማንን እጎዳለሁ? አለች በልቧ። ከርቭ የለም፤ የእኔ መነሳት ማንንም አይጥልም። ሒሳቡ ትክክል ነበር። የሚያስጨንቃትም ትክክል መሆኑ ነው። ቀና ስትል ሰዉ አንድ በአንድ እስክሪብቶውን እያስቀመጠ ነበር። እጃቸውን አጣጥፈው፣ ቃሉን እንደጠበቀ ሰው ደረታቸውን ነፋ አድርገው ተቀምጠዋል። በር ጠባቂው ሊያመሰግናት ይሁን ሊሰናበታት ፈገግ አለላት።

ሎተሪ ወረቀቱን ሊያስረክብ ተነሳ።

ያን ጊዜ እትዬም ተነሳች። ጉልበቷ ቀጭ አለ፤ በዚያ ዝምታ እሱም ተሰማ።

«መምህር፣ ማርኩ በከርቭ ነው ወይስ አይደለም?»

መምህሩ ደነገጠ። መቼም እሷ መልሱን እንደምታውቅ ያውቃል፤ ከጥቂት ጊዜ በፊት ነግሯታል። አያት። ከዚያ ክፍሉን፣ የተጣጠፉትን እጆች፣ ባዶ የቀሩትን የመጨረሻ ገጾች አየ።

«አይደለም» አለ ቀስ ብሎ። «በከርቭ አይደለም። እያንዳንዱ ሰው የሠራውን ያገኛል።»

ሎተሪ የቆመበት ቀረ። ቀጥሎ ቁጭ አለ። ወረቀት ሲገለበጥ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲጀምር እንደሚሰማው ዓይነት ድምፅ ተሰማ። መምህሩ በወንበሮቹ መሃል መጥቶ የእትዬን ወረቀት ወደ ራሱ ዞር አደረገና ጥጉ ላይ በቀይ ጻፈ፤ አምስት ተቀንሷል። እሷም ወረቀቱን መልሳ አዞረችና ቀጠለች።

ውጤቱ መጣ። አብዛኞቹ አለፉ። በር ጠባቂው ልክ ሰባ አመጣ፤ ወረቀቱን ለአላፊ አግዳሚው ሲያሳይ ዋለ። እትዬ ከፈተናው ሠላሳ አምስት አግኝታ ነበር። ከየሳምንቱ ሥራ ጋር ሰባ ሦስት ነው፤ አምስቱ ሲወጣ ስልሳ ስምንት ሆነ።

ልጇ ሄደሽ ለምኚው አለቻት። ሰውም ነገር ያስተካክላል፣ ማርክ እኮ ሞት አይደለም አለቻት። እትዬ ሄደች፤ ግን መለመኑን እንደ ልጇ አልቻለችበትም። መምህሩ ቅሬታ ካላት እንዲህ ያለ ማመልከቻ አለ ብሎ ጀመረ። እሷም ሕጉን ሲያነቡ ሰምቻለሁ አለችው።

«ሁሉንም?»

«የአምስቱን ሰምቻለሁ። የከርቩ ላይ ወሬ ነበር።»

መምህሩ ሊስቅ ፈልጎ አልሳቀም። በቀጣዩ ዙር ብትመለስ የየሳምንቱን ሥራ ከዜሮ እንደምትጀምር ነገራት፤ ሕጉ ነው። እሷም እሺ አለችው።

ወንበሩን ሎተሪ አገኘው። ቁልፍ ሊረከብ ሲመጣ በሩ ላይ ቆሞ ቃል አጠረው፤ የማያጥረው ሰው። እትዬ በሩ ላይ አትቁም፣ ይነክሳል አለችውና ቁልፉን ሰጠችው። በማግሥቱ ስትገባ ጠረጴዛዋ ምድር ቤት ባለው የኃላፊው ቢሮ ውስጥ ቆሞ አገኘችው። አዲሱ ኃላፊ ቆጡ ላይ ሆኖ ይጮሃል፤ ኃላፊ ማለት ከላይ ሆኖ የሚያይ ነው፣ ከዚህ ሁሉም ይታየኛል እያለ። እትዬ ተቀመጠች፤ ጠረጴዛው ይወዛወዝ ነበር። እግሩ ሥር የምታደርገው ወረቀት ፈለገችና ተወችው።

በአዲሱ ዙር ከሌላ ቅርንጫፍ የመጡ ሰዎች ክፍሉን ሞሉት። እትዬ ከፊት ተቀመጠች። መምህሩ ወረቀት አደለ፣ በዚያው ከፍም ዝቅም በማይል ድምፅ አነበበ። ማርክ አሰጣጡ ላይ ሲደርስ ከኋላዋ አንድ ሰው ለጎኑ ሰው ሲያንሾካሹክ ሰማች። ከርቭ ነው አሉ፣ ይላል።

«ጥያቄ ያለው?» አለ መምህሩ።

ክፍሉ ጭጭ አለ። እትዬ እጇን አወጣች።

«ማርኩ በከርቭ ነው?»

መምህሩ ወረቀቱን አስቀመጠና ሳያነብ፣ ፊት ለፊት እያያቸው መለሰ። ከኋላ ሹክሹክታው ቆመ።

«ሌላ ጥያቄ?» አለ።

«አለኝ» አለች እትዬ። «ሰው ሲያስነጥስ ይማርህ ማለትስ?»

«ያስቀንሳል።»

ሰዉ ሳቀ። ሳቁ ሲያባራ ከበሩ አጠገብ የተቀመጠ ሰው፣ ግራ ቀኙን አይቶ፣ እጁን እስከ ትከሻው ድረስ ብቻ አነሳ።