የሚስቴ ክርን

የሰው አልጋ መሥራት ከጀመርኩ ሃያ ስድስት ዓመት አልፎኛል። ለሙሽራ ሠርቻለሁ፣ ለመንታ ሕፃናት ሠርቻለሁ፣ ከአልጋ ለማይነሳ ሽማግሌም ሠርቻለሁ። የገዛ አልጋዬን በገዛ መጋዜ ለሁለት የሰነጠቅኩትም እኔው ነኝ። በማንም አላሳብብም፤ ያኔ ግን በሚስቴ ክርን አሳብቤያለሁ።

ማንኮራፋቴ የታወቀ ነው። ከሱቄ አጠገብ ያለው ብረት በያጅ «ቀን መጋዝ፣ ሌት መጋዝ፤ አንተ ሰውዬ መቼ ነው የምታርፈው?» እያለ ይቀልድብኛል። ሚስቴም በፊት በፊት ትስቅ ነበር። ከጊዜ በኋላ ሳቋ ቀረና ክርኗ መጣ። እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ሲወስደኝ ጎኔን ትደቁሰኛለች። ባንኜ ስነሳ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች። በአንድ ሌሊት ሦስቴ፣ አራቴ። ጠዋት ራሴ ድንጋይ ሆኖ እነሳለሁ፤ ቀን መላጊያዬን እንደያዝኩ ቆሜ አንቀላፋለሁ። አንዴ አውራ ጣቴ ለጥቂት ነው ከመጋዝ የተረፈው።

ከዚያ ለወንድም የማይነገረው መጣ። ወንድነቴ ከዳኝ። መጀመሪያ አልፎ አልፎ ነበር፤ ኋላ ጭራሹን። ሚስቴ አንዲት ቃል አልወጣትም፤ እኔን ያንገበገበኝም ዝምታዋ ነው። የራሴን ጉድ ከማየት እሷ ላይ መለጠፍ ቀለለኝ።

«ሌሊቱን ሙሉ እየገፋሽኝ በምን ልቤ ልቅረብሽ? ጠልተሽኛል በቃ!» አልኳት።

«ስለጠላሁህ ነው የምገፋህ?»

«ታዲያ ስለወደድሽኝ ነው?»

በማግስቱ አልጋውን ፈታሁት። ስንጋባ የሠራሁት የጥድ አልጋ ነው። ራስጌው መሐል ላይ በእርሳስ አሰመርኩና ሰነጠቅኩት፤ ሁለት ጠባብ አልጋ ወጣው። አንዱን ተሸክሜ ሳሎን አስገባሁ። እሷ በሩ ላይ ቆማ ስታይ ቆየችና «እግሮቹን አጥብቃቸው፤ እንዳይነቃነቅብህ» ብቻ አለች።

የመኝታ ቤቷን በር ግን አንድም ቀን ዘግታው አታውቅም። በብርዱም በሙቀቱም ገርበብ ብሎ ነው የሚያድር። ና ማለቷ ነው ብዬ አስባለሁ። ሄጄስ ምን ልሆን? መሳቂያ ልታደርገኝ ነው ብዬ ደግሞ እበግናለሁ። እንዲህ ስበግን አራት ዓመት ሄደ።

ሐኪም ቤት የሄድኩት የደም ግፊቴ አልወርድ ብሎ ነው። ሐኪሟ በዕድሜ ልጄ ትሆናለች። ስለ እንቅልፌ ጠየቀችኝ።

«ተኝቼ ምኑን አውቄው!» ብዬ ሳቅኩ።

እሷ አልሳቀችም። «እንግዲያው የሚያውቅ ሰው ይዘው ይምጡ። ባለቤትዎን» አለችኝ።

ሚስቴ መጣች። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ከጎኔ ተቀመጠች።

«ሲተኙ ትንፋሻቸው ይቆማል?» አለቻት ሐኪሟ።

«ይቆማል።»

«ምን ያህል ይቆያል?»

«እቆጥራለሁ። ሃያ እስኪሞላ እታገሣለሁ፤ ሃያ አምስት ካለፈ በክርኔ እደቁሰዋለሁ። ያኔ ከውሃ እንደወጣ ሰው አየር ይስባል።»

«ነግረዋቸው ያውቃሉ?»

«ሁለቴ። ‹አታሟርቺብኝ› አለኝ። ተውኩት።»

ብያታለሁ። እዚያ ወንበር ላይ ሆኜ ነው ትዝ ያለኝ።

«ግን እኮ እሳቸው ለየብቻ ነው የምንተኛው ብለውኛል» አለች ሐኪሟ።

«በሬን ከፍቼ ነው የምተኛው። ድምፁ ሲጠፋብኝ ተነስቼ እነቀንቀዋለሁ። እሱ አይነቃም፤ ተገላብጦ ይቀጥላል። እመለሳለሁ።»

«ስንት ዓመት ሆነው?»

«አሥራ አንድ።»

ሐኪሟ መጻፏን ለአፍታ አቆመች። ከዚያ ሲተኙ ጉሮሮዎ እየተዘጋ ነው ብላ በአክብሮት አስረዳችኝ። የራስ ምታቱ፣ ግፊቱ፣ የቀኑ ማንቀላፋት ከዚሁ ሊመጣ ይችላል። «በግንኙነት በኩልም ብዙ ወንዶችን ያስቸግራል» አለች። እኔ ወለሉን አየሁ። ሚስቴ መስኮቱን አየች። አፈርኩ፤ ያፈርኩት ግን በወንድነቴ አልነበረም።

ያዘዘችልኝን የመተንፈሻ ማሽን ገዛን። ፊት ላይ የሚታሰር ጭንብል አለው፤ ሌሊቱን ሙሉ አየር ይነፋል። በሁለት ወሩ ራሴ ቀለለኝ፣ ግፊቴ ወረደ፣ የከዳኝም ተመለሰ። ጎረምሳ የሆንኩ መሰለኝ። ከእሷ ተደብቄ አልጋ ሠራሁ፤ በዕድሜዬ እንደዚያ ሰፊ አልጋ ሠርቼ አላውቅም። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሳሎን ገጣጥሜ ጠራኋት።

«ነይ እንግዲህ። አሁን አላንኮራፋም፤ ሌላውም... ደህና ሆኛለሁ።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ።

ራስጌውን በእጇ ዳሰሰችው። «ያምራል። እጅህ አሁንም አልተበላሸም» አለች። ጫፉ ላይ ቁጭ አለች።

«አልጋውን ሽጠው።»

«ቂም ይዘሽብኝ ነው?»

«ቂም እንኳ ቢኖረኝ በምን ጉልበቴ? ደክሞኛል። የአንተን ትንፋሽ ስቆጥር የራሴን ገላ ረሳሁት። በመዳንህ ደስ ብሎኛል፤ እውነቴን ነው። ግን አጠገብህ ጋደም ካልኩ ያው መቁጠሬን ነው የምቀጥለው።»

ልለምናት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«አንድ ነገር ብቻ ሥራልኝ። በሬ ላይ መቀርቀሪያ ግጠምልኝ። ከውስጥ በኩል።»

«ከእኔ ለመጠበቅ ነው?»

«ለመተኛት ነው።»

ካቻቢቴዬን አምጥቼ ገጠምኩላት። አራት ብሎን፣ የሩብ ሰዓት ሥራ። ገብታ ሞከረችው፤ ሳያንገራግር ተዘጋ። ትወጣለች ብዬ ደጅ ቆሜ ጠበቅኩ። አልተከፈተም። ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ፣ በጠራራ ብርሃን፣ እንቅልፍ ወስዷታል። ረጅም፣ ያልተቆራረጠ ትንፋሽ ነው። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ሚስቴ ስትተኛ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማኋት ያን ቀን ነው።